መስቀለኛ ቃላት ሲያስቸግራችሁ፦ ማንን፣ መቼና እንዴት መጠየቅ

ጋዜጣን ከኋላ የሚጀምሩ ሰዎች አሉ። ርዕሰ አንቀጹ ይቆይ፣ የውጭ ዜናውም ይቆይ፤ መጀመሪያ ሳጥኖቹ። እኔም ከነሱ ወገን ነኝ። ታዲያ አብዛኛውን ጊዜ ግማሹን እንደሞላን እጃችን ይቆማል። ማኪያቶው ይቀዘቅዛል። ከዚያ ወይ ጋዜጣው ታጥፎ ይቀመጣል፣ ወይ ስልክ ወጥቶ መልሱ በቀጥታ ይፈለጋል። በሁለቱም መንገድ ጨዋታው ያልቃል።

እርዳታ መጠየቅ ነውር የለበትም። ግን ተራ አለው። መጀመሪያ ሰንጠረዡን፣ ቀጥሎ ፊደሉን፣ ከዚያ ሰውን፣ ከዚያ መዝገበ ቃላትን፣ በመጨረሻ ስልኩን። ይህን ተራ የገለበጠ ሰው በአምስት ደቂቃ ይጨርሳል፤ በማግስቱ ግን ያው ቃል ሲመጣ እንደገና ይቆማል። እኔ ለዓመታት እንዲያ ነበርኩ።

ከመጀመራችሁ በፊት

እርሳስና ላጲስ ያዙ። በእስክሪብቶ የሚሞላ ሰው ወይ ሊቅ ነው ወይ ግትር። ድሮ አራት ኪሎ አካባቢ ጋዜጣ ተከራይተን ስናነብ መጻፍ ክልክል ስለነበር ሰንጠረዡን ደብተር ላይ እንገለብጥ ነበር። አሁንም ቢሆን መገልበጡ አይከፋም። አንደኛ፣ ጋዜጣው የቤተሰብ ከሆነ ሌላውም ይሞክረዋል። ሁለተኛ፣ ስትገለብጡ ጥቁር ሳጥኖቹን ትቆጥራላችሁ፤ የትኛው ቃል የትኛውን እንደሚያቋርጥ ሳታስቡት ዓይናችሁ ይይዘዋል። ባለ ካሬ የሂሳብ ደብተር ለዚህ የተሠራ ይመስላል።

አንድ፦ ሰንጠረዡን ጠይቁ

ጥያቄዎቹን ከላይ እስከ ታች አንዴ አንብቡና እርግጠኛ የሆናችሁባቸውን ብቻ ሙሉ። "ሊሆን ይችላል" የምትሉትን ጠርዝ ላይ በትንሹ ጻፉት እንጂ ሳጥን ውስጥ አታስገቡ። አንድ የተሳሳተ ቃል የሚያቋርጡትን አራት አምስት ቃላት ይዞ ገደል ይገባል።

ሁለተኛው ዙር ላይ ነው ሥራው የሚጀመረው። አንድ ጥግ እንውሰድ፤ ሦስት በሦስት የሆነ። ጥያቄዎቹ እነዚህ ናቸው እንበል።

1 አግድም፦ የዳግማዊ ምኒልክ የፈረስ ስም፣ ሦስት ሳጥን።
3 አግድም፦ ማር ሠሪ፣ ሁለት ሳጥን።
1 ቁልቁል፦ የኢትዮጵያ ከፍተኛ ተራራ፣ ከ"ራስ" ቀጥሎ ያለው ስም፣ ሦስት ሳጥን።
2 ቁልቁል፦ ለጠማው ይሰጣል፣ ሁለት ሳጥን።

ተራራውን ታውቁታላችሁ። ግን ዳሽን ነው ወይስ ደጀን? ሁለቱም ይባላል። ሁለቱም ሦስት ፊደል ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ለምዶት የመጣውን ጽፎ ያልፋል። አትጻፉ። ይልቅ ሁለቱ የሚስማሙበትን ተመልከቱ፤ ሁለቱም በ"ን" ያልቃሉ። "ን"ን ብቻ አስገቡ። ሦስተኛው አግድም ከዚያ ይጀምራልና "ንብ" ወዲያው ይወጣል። አሁን የቀረው የፈረሱ ስም ነው። ስሙን ባታውቁትም ከ"ዳ" ወይም ከ"ደ" እንደሚጀምር ታውቃላችሁ። ይሄ ትልቅ ነገር ነው፤ ሰው ስትጠይቁ ግማሹን ይዛችሁ ነው የምትሄዱት። መልሱ "ዳኘው" ነው። ስለዚህ ተራራው "ዳሽን" ሆነ። የ"ዳኘው" መጨረሻ "ው" ደግሞ "ውሃ"ን ይከፍታል።

ተራራው ዳሽን መሆኑን የነገረን የለም። ሳጥኖቹ ራሳቸው ናቸው እርስ በርስ የተመሰካከሩት።

ሁለት፦ ፊደሉን ጠይቁ

የአማርኛ ሰንጠረዥ ከእንግሊዝኛው የሚለይበት ዋናው ነገር እዚህ ነው። አንድ ሳጥን ውስጥ የሚገባው ድምፅ ብቻውን አይደለም፤ ተነባቢና አናባቢ አብረው ነው የሚገቡት። ስለዚህ አንድ ፊደል ካገኛችሁ ብዙ አግኝታችኋል። በተቃራኒው፣ "በ" መሆን ያለበትን "ቡ" ካደረጋችሁት ግማሹ ልክ ቢሆንም የሚያቋርጠው ቃል አይወጣም።

ሰዋስዉን ተጠቀሙበት። ጥያቄው "ፈጸመ" በሚል መልክ ከመጣ መልሱም እንዲሁ ያለፈ ጊዜ፣ ወንድ፣ ነጠላ ነው። ሦስት ሳጥን ከሆነ ሦስቱም ፊደላት ግዕዝ የመሆን ዕድላቸው ሰፊ ነው፤ ጨረሰ፣ ሰበረ፣ ነገረ፣ ፈለገ። እንደ በላና ሳመ ያሉት ያፈነግጣሉ፣ እነሱ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ሳጥን ናቸው። ጥያቄው "ፈጸሙ" ካለ የመጨረሻዋ ሳጥን ካዕብ ናት። "መፈጸም" ካለ የመጀመሪያዋ ሳጥን በአብዛኛው "መ" ወይም "ማ" ናት። "ፈጻሚ" ካለ መጨረሻው ሣልስ ነው፤ ሰባሪ፣ ፈላጊ፣ ነጋሪ።

ብዙ ቁጥር ሲጠየቅ መጨረሻው ላይ "ች" በስሱ ጻፉ፣ ከሱ በፊት ያለችው ደግሞ ሳብዕ ናት። ግን ጥያቄው የቤተ ክህነት ሽታ ካለው "ች"ን ተዉና "ት"ን ሞክሩ። ካህናት፣ ሊቃውንት፣ ቀሳውስት፣ መጻሕፍት። አንድ ጊዜ "የተማሩ ሰዎች" ለሚል ጥያቄ "ምሁሮች" ብዬ ግማሽ ሰዓት ታግያለሁ። "ምሁራን" ነበር። ይህችንም "ን" መዝግቧት።

ከዚያ ወጥመዶቹ አሉ። ሀ፣ ሐና ኀ፤ ሰና ሠ፤ አና ዐ፤ ጸና ፀ። አዘጋጁ "ፀሐይ" ሊል ይችላል፣ "ጸሀይ" ሊል ይችላል። የሚያቋርጠው ቃል በ"ፀ" ሲጻፍ ያያችሁት ከሆነና የእናንተ በ"ጸ" ከሆነ ተሳስቻለሁ ብላችሁ አትሰርዙ። በመጀመሪያው ዙር ሁሉንም እንደ አንድ ቁጠሯቸው። ከላይ ያለችው "ውሃ" ራሷ ውሀም፣ ውኃም ትጻፋለች። የአጻጻፉን ክርክር መጨረሻ ላይ ከአዘጋጁ ጋር ተከራከሩ።

ሌላው ቆጠራን የሚያዛባው እንደ ቋ፣ ኳ፣ ጧ፣ ሯ ያሉት ናቸው። "ጠዋት" ሦስት ሳጥን ነው፣ "ጧት" ሁለት። ቃሉ ትክክል ሆኖ በአንድ ሳጥን ከተረፈ ወይም ካነሰ ቃሉን ከመጣላችሁ በፊት እነዚህን ሞክሩ።

ጥያቄውን ጮክ ብላችሁ አንብቡ፣ ሁለት ጊዜ

ለብቻው ደረጃ አይባልም፤ ግን ስንቱን አድኖኛል። አማርኛ ሲጻፍ ማጥበቅና ማላላት አይታይም። "ሰፊ" ሲላላ ልብስ የሚሰፋ ሰው ነው፤ ሲጠብቅ ጠባብ ያልሆነ። "ዋና" ሲላላ ውሃ ውስጥ ነው፤ ሲጠብቅ አለቃ ነው። "ገና"ም በዓልም ነው፣ ያልደረሰ ነገርም ነው። ተንኮለኛ አዘጋጅ በዚህ ይጫወታል፤ ተንኮለኛ ያልሆነውም ሳያውቀው ይጫወታል። ጥያቄውን አንዴ አጥብቃችሁ፣ አንዴ አላልታችሁ በአፋችሁ በሉት። ካፌ ውስጥ ከሆናችሁ ዝቅ አድርጋችሁ።

በቅንፍ "ሲገለበጥ" የሚል ነገር ካለም አትለፉት። አዘጋጁ ቦታ ሲያጥረው ቃሉን ከኋላ ወደ ፊት ያስገባዋል፤ "ወተት ሰጪ (ሲገለበጥ)" ማለት "ምላ" ነው። ለኔ ይሄ ማጭበርበር ነው፤ ግን ሰንጠረዡ የሱ ነው።

ሦስት፦ ሰው ጠይቁ

የምወደው ክፍል ይሄ ነው። ሰው ስትጠይቁ ሦስት ነገር ስጡ። ጥያቄውን ቃል በቃል፣ የሳጥኑን ብዛት፣ ያገኛችኋቸውን ፊደላትና ቦታቸውን። "የምኒልክ ፈረስ ማነው?" ከማለት "የምኒልክ ፈረስ፣ ሦስት ፊደል፣ በዳ ወይም በደ የሚጀምር" ብትሉ ሰውየው "አባ ዳኘው" ሲላችሁ "አባ"ን ቀንሳችሁ ታስገባላችሁ።

ሁለተኛ፣ ምን ያህል እንደምትፈልጉ ቀድማችሁ ተናገሩ። "መልሱን እንዳትነግረኝ፣ አካባቢውን ብቻ ንገረኝ" ማለት ይቻላል። ዕቃ ነው ሰው? አገር ውስጥ ነው ውጭ? የመጀመሪያው ፊደል ምንድን ነው? እንዲህ በየደረጃው። አንዳንዱ ሰው ግን ይህን አይችልም። ጎረቤቴን ጋሼን አንድ ቀን እንዲህ አልኳቸው።

"ጋሼ፣ ድሮ ግማሽ ብር ምን ይባል ነበር? ሦስት ፊደል ነው። መልሱን እንዳይነግሩኝ፣ ፍንጭ ብቻ…"

"አላድ!"

ከዚያ አላድ ምን ምን ይገዛ እንደነበር ግማሽ ሰዓት። ሳጥኑ ሦስት ፊደል አገኘ፤ እኔ ደግሞ በዚያው ስሙኒን ከሳንቲሙ ጋር፣ ጠገራ ብርን ከነማርትሬዛው ተማርኩ። ስሙኒ በሌላ ሳምንት መጣች። ሃያ አምስት ሳንቲም፣ ሦስት ሳጥን።

ሦስተኛ፣ ለየጥያቄው ትክክለኛውን ሰው ምረጡ። ሁሉን የሚያውቅ የለም።

የድሮ ገንዘብ፣ ማዕረግ፣ የፈረስ ስም ከሆነ ትልልቅ ሰዎች ናቸው። የፈረስ ስሞች በብዛት ስለሚመጡ እንዲያውም አንዴ ጽፎ መያዝ ይሻላል። ታጠቅ የቴዎድሮስ፣ በዝብዝ የዮሐንስ አራተኛ፣ ጠቅል የኃይለ ሥላሴ፣ ጤና የልጅ ኢያሱ፣ ነፍሶ የባልቻ፣ ነጋ የአሉላ፣ መላ የሀብተ ጊዮርጊስ፣ ቃኘው የራስ መኮንን።

የእርሻ ዕቃ ከሆነ ገጠር ያደገ ሰው ፈልጉ። ሞፈር፣ ቀንበር፣ ድግር፣ እርፍ፣ ወገል። እኔ ሞፈርና ቀንበርን በተረት ነው የማውቃቸው፤ ድግርና ወገልን ግን የነገረኝ የግቢያችን ዘበኛ ነው። ዛሬም የእርሻ ጥያቄ ሲመጣ ጋዜጣውን ይዤ ወደ በሩ እወርዳለሁ።

የቤተ ክርስቲያን ጥያቄ፣ በተለይ የዜማና የግዕዝ ቁጥር፣ ለዲያቆን ነው። ግዕዝ፣ ዕዝል፣ አራራይ ብሎ ሦስቱን የዜማ ዓይነቶች ሳይተነፍስ ይነግራችኋል። የመኪና ክፍል ከሆነ ጋራዥ ያለ ወዳጅ ይጠየቅ፤ ካንዴላና ፍሪሲዮን ከጣሊያንኛ የመጡ ስለሆኑ በአማርኛ ሰዋስው አትገምቷቸውም። ኳስ ለልጆች።

ለሐይቅና ለወንዝ ሰው አታስቸግሩ። ሁለት ሳጥን ሐይቅ ካለ አብዛኛውን ጊዜ ጣና፣ ሻላ ወይም ጫሞ ነው። ሁለት ሳጥን ወንዝ አብዛኛውን ጊዜ ኦሞ ወይም ባሮ፤ ሦስት ሳጥን ከሆነ አባይ፣ አዋሽ፣ ተከዜ፣ ገናሌ። ከተማ ሲሆን የድሮና የአሁን ስም ይለያያል፤ አዳማ ሦስት ነው፣ ናዝሬት አራት። ቆየት ያለ ጋዜጣ ላይ ከሆነ የምትሠሩት በድሮው ስም ጀምሩ።

ዓመተ ምሕረት ያለበት ጥያቄ ሲመጣ ደግሞ የማን አቆጣጠር እንደሆነ መጀመሪያ ለዩ። አበበ ቢቂላ ሮም ላይ ያሸነፈው በ1960 ነው፤ በእኛ ግን ጳጉሜን 5 ቀን 1952፣ የዓመቱ የመጨረሻ ቀን። በአንድ ቀን ልዩነት 1953 ሊሆን ነበር። አዘጋጆችም እዚህ ላይ ይሳሳታሉ።

ቤተሰብ በየአገሩ ለተበተነ፣ ቴሌግራም ጥሩ ነው። ሙሉውን ፎቶ አንስታችሁ ግን አትላኩ፤ አንድ ችኩል ዘመድ ሁሉንም ሞልቶ ይልከዋል። የከበዳችሁን አንድ ጥያቄ ብቻ ላኩ። ዋሽንግተን ያለችው እህቴ መልሷን የምትልከው እኔ ከተኛሁ በኋላ ነው፤ ጠዋት ስነሳ አንድ ፊደል ብቻ ጽፋ አገኛለሁ። ይህቺ ናት ጨዋታ የገባት።

አራት፦ መዝገበ ቃላት

ሰው ካጣችሁ ወደ መጽሐፍ። ሁለት ነገር ብቻ እወቁ። አንደኛ፣ ግስን የምትፈልጉት ባለፈ ጊዜው በ"እሱ" መልክ ነው። "አሰባበር" ብላችሁ አትፈልጉ፣ "ሰበረ" ጋ ሂዱ፣ ዘመዶቹን እዚያ ታገኟቸዋላችሁ። ለመስቀለኛ ቃላት ይሄ ወርቅ ነው፤ አንድ ገጽ ላይ አንድ ቃል ከነቤተሰቡ ተደርድሮ ስታዩ የጎደላችሁ ፊደል ራሱ ብቅ ይላል።

ሁለተኛ፣ የፊደል ተራውን እዩ። በ1962 ዓ.ም. የታተመው የደስታ ተክለ ወልድ "ዐዲስ ያማርኛ መዝገበ ቃላት" በሀ ሁ ተራ አይሄድም፤ አ፣ በ፣ ገ፣ ደ ብሎ ነው የሚጀምረው። ይህን ሳላውቅ "ሀ"ን ከመጀመሪያው ገጽ ስፈልግ ውዬ መጽሐፉ የጎደለ መስሎኝ ነበር። ለጥንት ቃላትና ለዕቃ ስሞች እሱን የሚያህል የለም። ለዛሬ ቃላት ደግሞ የኢትዮጵያ ቋንቋዎች ጥናትና ምርምር ማዕከል በ1993 ዓ.ም. ያወጣው "አማርኛ መዝገበ ቃላት" ይቀላል።

አምስት፦ ስልክና ኮምፒውተር

ለእንግሊዝኛ ክሮስዎርድ ያላችሁን ፊደል ስታስገቡ ቀሪውን የሚደረድሩ ድረ ገጾች ሞልተዋል። ለአማርኛ የራሳችሁን መሥራት ትችላላችሁ፣ ከምታስቡትም ይቀላል። በኮምፒውተር ላይ አንዱ ፊደላችን እንደ አንድ ምልክት ነው የሚቆጠረው፤ "ቋ"ም አንድ፣ "በ"ም አንድ። ስለዚህ በኤክሴል አንድ ዓምድ ላይ ቃላት እየደረደራችሁ ሂዱ። ከዚያ ማጣሪያው ላይ "እኩል ነው" የሚለውን መርጣችሁ ያልታወቀውን ፊደል በጥያቄ ምልክት ተኩት። አራት ሳጥን ሆኖ ሁለተኛው "ላ" ከሆነ አንድ ጥያቄ ምልክት፣ ላ፣ ከዚያ ሁለት ጥያቄ ምልክት። ባለ አራት ፊደሎቹ ብቻ ይቀራሉ። የኔ ዝርዝር ከፈታኋቸው ሰንጠረዦች የተለቀመ ነው፤ አዘጋጆች ቃል ስለሚደጋግሙ ከውጭ ካመጣሁት ይልቅ እሱ ይረዳኛል።

ቻትቦትም ይጠየቃል። ግን አማርኛ ፊደል ሲቆጥር ብዙ ጊዜ ይስታል፣ የሌለ ቃልም በሙሉ ልብ ይፈጥራል። "አምስት ፊደል" ብላችሁት ሰባት ያመጣል። "መልሱ ምንድን ነው" ከማለት "ለዚህ ቃል አሥር ተመሳሳይ ስጠኝ" በሉትና ቆጠራውን ራሳችሁ ሥሩ።

በእንግሊዝኛ ለምትሞክሩ

ውጭ አገር የምትኖሩ ብዙዎቻችሁ እንግሊዝኛችሁን በዚህ እንደምታጠነክሩ አውቃለሁ። ጨዋታው የተወለደውም እዚያው ነው። የሊቨርፑል ተወላጁ አርተር ዊን የመጀመሪያውን በኒውዮርክ ወርልድ ጋዜጣ ያወጣው ዲሴምበር 21 ቀን 1913 ነው፤ በእኛ ታኅሣሥ 12 ቀን 1906። ባለ ዳኘው ምኒልክ ካረፉ ገና ዘጠኝ ቀናቸው ነበር። ኒውዮርክ ታይምስ ሲያጣጥለው ቆይቶ በ1942 ራሱ ጀመረው።

የታይምሱን ከሰኞ ጀምሩ። ሰኞ ቀላሉ ነው፣ እየከበደ ሄዶ ቅዳሜ ይብሳል። እሑድ ሰፊ ነው እንጂ እንደ ቅዳሜ አይከብድም። ጥያቄው በጥያቄ ምልክት ካለቀ የቃላት ጨዋታ አለበት ማለት ነው። ጥያቄው ውስጥ አሕጽሮት ካለ መልሱም አሕጽሮት ነው። በስልክ ስትሠሩ "ግለጥ" የሚለውን ሳይሆን "አረጋግጥ" የሚለውን ተጫኑ፤ የተሳሳተውን ያሳያችኋል፣ ትክክለኛውን ግን ለእናንተ ይተወዋል።

ደግሞ እኛ ከፈረንጁ የምንቀድምበት ቦታ አለ። አጫጭር ቃል የሚቸግራቸው አዘጋጆች የኛን ይዋሳሉ። "የኢትዮጵያ ልዑል" ሦስት ፊደል ካለ ራስ ነው። አምስት ፊደል ንጉሥም ይመጣል። ብርና ጤፍ በእንግሊዝኛ አራት አራት ፊደል ናቸው፣ እንጀራ ስድስት። "የኢትዮጵያ ልዕልት በኦፔራ" ሲል የቬርዲ አይዳ ናት፣ አራት ፊደል። የቢሮ ባልደረባችሁ እዚህ ላይ ሲቆም ዞር ብላችሁ ንገሩት።

መልሱ ሲወጣ

መልሱ የሚታተመው አብዛኛውን ጊዜ በሚቀጥለው ዕትም ነው፣ ስለዚህ ሰንጠረዡን አትጣሉት። የሞላችሁትን ከታተመው ጋር ሳጥን በሳጥን አስተያዩ። ልዩነት ካገኛችሁ መጀመሪያ የፊደል ጉዳይ መሆኑን እዩ፤ "ሠ"ና "ሰ" ከሆነ እንደ ልክ ቁጠሩት። የጋዜጣው መልስ ራሱ የተሳሳተበት ጊዜም አለ፤ አንድ ጊዜ የታተመው መልስ ከሳጥኑ በአንድ ፊደል ይበልጥ ነበር፣ እኔ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ራሴን ስረግም ውያለሁ።

ያላወቃችሁትን ቃል ከነጥያቄው ደብተር ላይ አስፍሩ፤ ማን እንደነገራችሁም ጨምሩበት። የኔ ደብተር ላይ ከጋሼ ይልቅ የዘበኛው ስም ይበዛል። ባለፈው ሳምንት "ወገል"ን ሳልጠይቀው ሞላሁና ወርጄ አሳየሁት። አየት አደረገና "እሱስ ልክ ነው፣ ጎኑ ያለውን ግን ተሳስተሃል" አለኝ።